ስለ ተመራጭ ግብር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች (ከቱሉ ዲምቱ)

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን ለሚሠሩ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እሠራለሁ፤ እነዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደንበኞቼ ፊቴ ተቀምጠው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው።

"ተመራጭ ግብር" ሲባል ዝቅተኛ ግብር ማለት ነው?

አይደለም። መንግሥት ይህን ያህል ብር መሰብሰብ አለበት እንበል። ብሩን ከማን ኪስ፣ በምን መልክ ቢወስድ ነው ጉዳቱ የሚያንሰው፣ ሸክሙስ በአግባቡ የሚከፋፈለው? ጥያቄው ይህ ነው። ግብር ከሚወስደው ብር ሌላ የሚያጠፋው ነገር አለ። ሰው ግብሩን ሸሽቶ ሳይሠራው የቀረው ሥራ፣ ሳይገዛው የቀረው ዕቃ፣ ሳይከፍተው የቀረው ሱቅ መንግሥትንም ባለቤቱንም ሳይጠቅም ቀልጦ ይቀራል። የዘርፉ ተመራማሪዎች ሊለኩትና ሊቀንሱት የሚደክሙት ይህን ቀልጦ የቀረውን ነው።

የሒሳቡ መነሻ የካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ፍራንክ ራምሴ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ጥያቄውን ያቀረበለት ኢኮኖሚስቱ አርተር ፒጉ ነበር። መልሱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ዋጋው ቢወደድም ሰው መግዛቱን በማይተወው ዕቃ ላይ ታክሱ ከፍ፣ በቀላሉ በሚተወው ዕቃ ላይ ዝቅ ይበል። በዚህ ስሌት ጨው ከሽቶ የበለጠ ሊታክስ ነው ማለት ነው። ጆሮ የሚያቆም መልስ ነው፤ ምክንያቱ የራምሴ ሒሳብ አገሩን ሁሉ እንደ አንድ ሰው ስለሚቆጥር ድሃና ሀብታም አለመለየቱ ነው። ራምሴ በ1930 በ26 ዓመቱ ሞተ። ድሃና ሀብታምን አሟልቶ የሚለይ ሒሳብ እስኪመጣ ከ40 ዓመት በላይ አለፈ።

ከደሞዜ ሳላየው ይቆረጣል፤ ጎረቤቴ ባለሱቅ ግን ተከራክሮ ያስቀንሳል። ይህ ፍትሕ ነው?

ፍትሕ ነው አልልም፤ ምክንያቱን ግን ልንገርዎት። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በወር 6,000 ብር የምታገኝ ሠራተኛን እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም፤ ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ሦስተኛው 2,000 ብር ደግሞ 20 በመቶ ይቆረጥበታል። ድምሩ 700 ብር ነው። በቀድሞው አዋጅ 935 ብር ይቆረጥባት ነበር። በሁለቱም ጊዜ ግን ክርክር የሚባል ነገር የለም፤ ገንዘቡን የሚቆርጠው፣ የሚያስታውቀውም አሠሪዋ ነው።

ጎረቤትዎ ስለ ገቢው የሚመሰክርበት ሦስተኛ ሰው የለውም። ዴንማርክ ውስጥ ከ40,000 በላይ ግብር ከፋዮችን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሙከራ ይህንኑ አሳይቷል። አሠሪ ወይም ባንክ በሚያስታውቀው ገቢ ላይ የሚደበቀው ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ሰው ራሱ በሚያስታውቀው ላይ ግን ድብቁ ብዙ ነው። ዴንማርኮች ከእኛ የተሻለ ሕሊና ስላላቸው አይደለም፤ አብዛኛው ገቢያቸው የሚታይ ስለሆነ ነው። የሚታይ ገቢ ይከፍላል፣ የማይታይ ገቢ ይደራደራል። ይህችን ይያዙልኝ፤ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ወደ እርሷ ይመለሳሉ።

ደሞዜ ጨምሮ 35 በመቶው እርከን ውስጥ ብገባ እጄ ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል?

አይቀንስም። 35 በመቶው የሚነካው ከ14,000 ብር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ከ14,000 ወደ 14,100 ቢያድጉ ከመቶ ብሯ 35 ብር ይሄዳል፣ 65 ብር ይቀርልዎታል። "እርከን እንዳልቀይር" ብለው የደሞዝ ጭማሪ አልፈልግም ያሉ ሰው አጋጥመውኛል፤ ያውም የሒሳብ መምህር።

ሱቄ ገላን ነው፣ የምኖረው አቃቂ ነው። የምከፍለው ለማን ነው?

የንግዱ ግብር የሚከፈለው ፈቃዱ ባለበት ነው። ገላን በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ስለሆነ ሱቅዎ በኦሮሚያ በኩል ይስተናገዳል። ደሞዝ ካለዎት እርሱ በአሠሪው በኩል ይሄዳል። የቤትዎ ነገር ደግሞ ከአዲስ አበባ ጋር ነው።

የማስከፈያ ምጣኔው በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል። ልዩነቱ ያለው ገቢ በሚገመትበት መንገድ ላይ ነው። መንገድ ተሻግረው ፈቃድ የሚያወጡ ሰዎች የሚሸሹት ሕጉን ሳይሆን ገማቹን ነው።

"ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ" ሲሉኝ ብቀበል ምን አለበት?

በእኛ ሰፈር ዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ፌሮ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል። ገብተው ዋጋ ሲጠይቁ ሻጩ ከዋጋው አስቀድሞ "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ይላል። ያለ ደረሰኝ ሲገዙ 15 በመቶው ቫት ለእርስዎ የተተወ ይመስልዎታል። አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ ከ15ቱ ጥቂቱን ሰጥቶ ሌላውን ያስቀራል። ሽያጩ መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር የገቢ ግብሩም ይቀርለታል። ፌሮው አጥሮ ወይም ሲሚንቶው ደርቆ ቢገኝ ግን እርስዎ የሚመልሱበት ወረቀት የለዎትም። ትልቁን ቅናሽ ያገኘው ሻጩ ነው።

ቫት የተወደደው ራሱን የሚጠብቅ ታክስ ስለሆነ ነው። ነጋዴ ከነጋዴ ሲገዛ የከፈለውን ቫት ለማቀናነስ ደረሰኝ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ገዢው ሳያውቀው የሻጩ ተቆጣጣሪ ይሆናል። ዲና ፖሜራንዝ ቺሊ ውስጥ ከ400,000 በላይ ለሚሆኑ ድርጅቶች በዕጣ በተላኩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ይህን ፈትናለች። ደብዳቤው የበለጠ ያስደነገጠው የመጨረሻውን ሽያጭ፣ ማለትም ለተጠቃሚ የሚሸጠውን ነበር፤ በነጋዴና በነጋዴ መካከል ያለው ወረቀት አስቀድሞም ሥራውን ይሠራ ነበርና። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እርስዎ ጋ ነው። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ደረሰኝ ለሚቀበል ሸማች ከታክሱ ጥቂት መመለስና ዕጣ ማውጣት ጀመረች፤ ጆአና ናሪቶሚ ባጠናችው መሠረት የችርቻሮ ሱቆች ያስታወቁት ሽያጭ በአራት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 21 በመቶ ጨመረ።

"ካሽ ሬጅስተር ማሽን ከገባ ወዲያ ያ ሁሉ ቀርቷል" ለሚሉኝ ሁለት ጥናት አለኝ። ጁሊያ ማስካኝ፣ አንዱዓለም መንግሥቱና ፍሬው ወልደየስ የኢትዮጵያን መረጃ ሲመረምሩ ማሽኑ የተመዘገበውን ሽያጭ ከፍ ማድረጉን አይተዋል፤ የተመዘገበው ወጪም አብሮ አድጓል። ኢኳዶር ላይ ደግሞ ይህ በአኃዝ ወጥቷል፦ ገቢ ደብቀዋል ተብለው የተነገራቸው ድርጅቶች ገቢያቸውን ሲያስተካክሉ፣ ለጨመሩት ለእያንዳንዱ ዶላር 96 ሳንቲም ወጪ ጨምረዋል። አንዱን መስኮት ሲዘጉት ነፋሱ በሌላው ይገባል።

የቀን ገቢ ግምት በምን ይሠራል? ለምን አይተዉትም?

መዝገብ የሌለውን ሰው ገቢ ማወቂያው ዓይን ነው፤ ቦታው፣ የሱቁ ስፋት፣ የዕቃው ዓይነት፣ የገባና የወጣ ሰው ብዛት ይታያል። "ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል" እንደሚባለው ነው፤ ችግሩ ልቡ የገማቹ መሆኑ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ግምቱ ሲወጣ በአዲስ አበባ ቅሬታው ምን ያህል እንደነበር፣ በኦሮሚያ ከተሞችም ሱቆች መዘጋታቸውን የማያስታውስ ነጋዴ የለም።

አንዲት ደንበኛዬ ኮንዶሚኒየም ሥር ቁርስ ቤት ነበራት። ባለ ዕጣዎቹ ቁልፍ ተረክበው ቤታቸውን የሚያስጨርሱበት ወቅት ስለነበር ቀለም ቀቢው፣ ሴራሚክ ለጣፊው፣ የቧንቧ ሠራተኛው ሁሉ እርሷ ጋ ይበላ ነበር። ገማቾቹ የመጡት በዚያ ሰሞን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ታጥበው የተደፉትን ሳህኖች ቆጠሩ፤ በፍርፍር ዋጋ አባዙ፤ ከዚያ በዓመቱ የሥራ ቀናት አባዙ። በስድስት ወር ውስጥ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ፤ ነዋሪው ደግሞ ቁርሱን ቤቱ ይበላል። ግምቱ ግን አልሄደም። ቢሮዬ መጥታ "ሳህኑን ቶሎ ቶሎ አጥቤ መደርደሬ ነው ጥፋቴ" አለችኝ።

የምጣኔ ሀብት ምሁራን በሚታይ ምልክት ማስከፈልን አይጠሉትም። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳየው ሰው ሊለውጠው የማይችለው ምልክት ከተገኘ ሸክምንም ድጋፍንም በእርሱ ማነጣጠር ይጠቅማል። ቁም ነገሩ "ሊለውጠው የማይችለው" የሚለው ላይ ነው። እንግሊዞች ከ1696 እስከ 1851 ቤትን በመስኮቱ ብዛት ያስከፍሉ ነበር፤ ሰዉ መስኮቱን በጡብ ደፈነ። ሳህን ይደበቃል፣ ሱቅ በመጋረጃ ይከፈላል። የሱቁ ቦታና ስፋት ግን አይደበቅም። እኔ ብጠየቅ ግምቱ በእነዚህ ላይ ብቻ ተመሥርቶ፣ ቀመሩ ወረዳው በር ላይ ቢለጠፍ እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ራሱን ያስተያያል።

በትርፌ መክፈል ሲገባኝ ለምን በሽያጬ እከፍላለሁ?

ከሁሉም በላይ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። የ2017ቱ ማሻሻያ ነባሮቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ደረጃዎች ወደ ሁለት አውርዶ መለያውን 2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ ላይ አደረገው። ከዚያ በታች ያለው በሽያጩ መጠን ይከፍላል። ከዚያ በላይ ያለው በትርፉ ይከፍላል፤ ግን ዝቅተኛ አማራጭ ግብር የሚባል ወለል ተነጥፎለታል፤ ይህም ከጠቅላላ ገቢው 2.5 በመቶ ነው።

በዓመት 10 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ የሲሚንቶ አከፋፋይ ድርጅት እንበል። ትርፉ ከመቶ 4 ብር ቢሆን 400,000 ብር አተረፈ፤ በ30 በመቶ ቢሰላ ግብሩ 120,000 ብር ነው። ወለሉ ግን 250,000 ብር ይላል፤ ከትርፉ ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። በዚያው ሽያጭ 3 ሚሊዮን ብር የሚያተርፍ አገልግሎት ሰጪ ወለሉን ጨርሶ አይነካውም። ሽያጭ ላይ የሚጣል ግብር ሌላም ጠባይ አለው፦ ሲሚንቶው ላይ ተከፍሎ፣ ብሎኬቱ ላይ ተከፍሎ፣ ቤቱ ላይ ይከፈላል፤ ግብር በግብር ላይ ይደራረባል። ፒተር ዳያመንድና ጄምስ ሚርሊስ እ.ኤ.አ. በ1971 "ምርት በሚዘጋጅበት ደረጃ ላይ ግብር አትጣሉ፤ የምትፈልጉትን ሁሉ በመጨረሻው ተጠቃሚና በገቢ ላይ ጣሉ" የሚያሰኝ ውጤት ያረጋገጡት ለዚህ ነው። በዚህ ውጤት ከሄድን የእርስዎ ቅሬታ ትክክል ነው።

ውጤቱ የሚሠራው ግን ትርፍን ማየት ለሚችል መንግሥት ነው። ፓኪስታንም እንደዚሁ በትርፍና በሽያጭ መካከል የሚያፈራርቅ ወለል አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአምስት ተመራማሪዎች ጥናት ድርጅቶች በሽያጭ ሲከፍሉና በትርፍ ሲከፍሉ የሚያስታውቁትን አነጻጸረ። በሽያጭ ማስከፈሉ የግብር ስወራን ከድርጅት ገቢ እስከ 60 ወይም 70 በመቶ በሚደርስ መጠን እንደሚቀንስ ገምተዋል። ሽያጭን መደበቅ ይከብዳል፤ ወጪን መፈልሰፍ ግን አንድ የደረሰኝ ጥራዝ ይበቃዋል። ስለዚህ ወለሉን ጅልነት ነው ብዬ አላጣጥለውም። የማማርርበት ነገር ሲሚንቶ አከፋፋዩንና የውበት ሳሎኑን በአንድ ቁጥር መለካቱ ነው። ትርፉ ጠባብ ለሆነ ዘርፍ ጠባብ ወለል ማውጣት ይቻላል፤ ጅምላ ሻጭና ቸርቻሪን መለየት እኮ ለማንም ዓይን አይከብድም።

ሽያጬ 2 ሚሊዮን ሊደርስ ነው። በባለቤቴ ስም ሁለተኛ ፈቃድ ላውጣ?

አንድ መደርደሪያ፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ ስልክ ይዘው ሁለት ፈቃድ ቢኖርዎት ገቢዎች አንድ አድርጎ ሊያይዎት እንደሚችል ይወቁ። ከዚያ በፊት ግን ደንበኛዎ ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ለድርጅት የሚሸጡ ከሆነ ወሰኑን አልፎ ቫት መመዝገብ አይጎዳዎትም፤ የከፈሉትን ያቀናንሳሉ፣ ገዢዎም ደረሰኝዎን ይፈልገዋል። ለሰፈር ሰው የሚሸጡ ከሆነ ግን ልዩነቱ እውነት ነው።

የደሞዝ እርከን ደረጃ ነው፤ ይህኛው ገደል ነው። አንዲት ብር ስትጨምር ያለፈው ሁሉ አብሮ ሥርዓት ይቀይራል። ሄንሪክ ክሌቨንና ማዝሃር ዋሲም እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የፓኪስታን ገቢ ግብር በነበሩት ገደሎች አፋፍ ላይ ግብር ከፋዮች ተሰብስበው፣ ከገደሉ ማዶ ያለው ቦታ ሳስቶ ታይቷል። እኔም ጥቅምት ላይ በማዘጋጃቸው መዝገቦች ሽያጫቸው 1 ሚሊዮን 9 መቶ ሺህ ብር ላይ የቆመ ሰዎች ብዛት ይገርመኛል። ማደግ የሚችል ሱቅ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ መቅረቱ ከላይ ቀልጦ ይቀራል ካልኩት ኪሳራ አንዱ ነው።

ጤፍ ከቫት ነፃ መሆኑ ድሃውን የሚጠቅም ነው?

ይጠቅመዋል፤ ግን ብዙ ማኛ የሚገዛውን ሰው በብር ሲቆጠር የበለጠ ይጠቅመዋል። አንቶኒ አትኪንሰንና ጆሴፍ ስቲግሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳዩት ይህን ይመስላል፦ መንግሥት ገቢን አይቶ በደረጃ ማስከፈልና መደገፍ ከቻለ፣ በተወሰኑ ሁኔታዎች ዕቃን ከዕቃ ለይቶ መታከስ አያስፈልገውም። ሁሉንም እኩል ታክሶ ገንዘቡን ለድሃው በእጁ መስጠት ይሻላል። ገቢ በማይታይበት አገር ግን ይህ "ከቻለ" የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል።

ሌላም ነገር አለ። ፒየር ባቻስ፣ ሉሲ ጋደንና አንደርስ ጄንሰን የብዙ ታዳጊ አገሮችን የቤተሰብ ወጪ ሲመረምሩ ድሃው አብዛኛውን የሚገዛው ቫት ከማያውቃቸው ትንንሽ ሱቆችና ጉልቶች ሆኖ አገኙት። አዋጅ ሳያስፈልገው ነፃ ወጥቷል ማለት ነው። ሱፐርማርኬት የሚገባው ሀብታሙ ነው።

ነፃ ማድረግ በተሳሳተ መለኪያ ሲሠራ ደግሞ ይገለበጣል። ለቤት ተጠቃሚ በወር እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው መብራት ከቫት ነፃ ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፦ ጥቂት የሚጠቀመው ድሃ ነው። በእኛ ዳርቻ ግን አምስት ተከራይ ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል፤ አንድ ምጣድ ከሌላው ተራ ይጠባበቃል። ቆጣሪው 200ን ወር ሳይጋመስ ያልፋል። ቪላ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ግን 180 ላይ ቆሞ ነፃ ይወጣል። መንግሥት የሚያየው ቆጣሪውን ነው፤ ከኋላው ስንት ሰው እንዳለ አያይም።

ሀብታሞች 70 በመቶ ቢከፍሉ ጥሩ አይደለም?

ሒሳቡን የሠራው ሚርሊስ ነው፤ በ1971 ባወጣው ሥራው እ.ኤ.አ. የ1996ን የኖቤል ሽልማት ከዊሊያም ቪክሪ ጋር ተካፍሏል። (ቪክሪ ሽልማቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ሞተ።) ሚርሊስ ሥራውን ሲጀምር ለከፍተኛ ግብር የሚሟገት ውጤት አገኛለሁ ብሎ ነበር፤ ያላገኘ መሆኑን ራሱ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ዳያመንድና ኤማኑኤል ሳዬዝ ለአሜሪካ አስልተው ለከፍተኛ ባለ ገቢዎች ሁሉም ታክስ ተደምሮ 73 በመቶ የሚል ቁጥር አወጡ።

ልዩነቱ የት እንደሆነ ቀመሩ ያሳያል። ገቢ በሀብታሞቹ ጫፍ ምን ያህል እንደተከማቸ የሚለካው ቁጥር 1.5 ነው እንበል። ግብር ሲጨምር የሚታወቀው ገቢ የሚሸሽበት መጠን 0.25 ከሆነ፣ ሁለቱን አባዝቶ 1 ደምሮ 1ን ለዚያ ማካፈል 73 በመቶ ይሰጣል። የሽሽቱ መጠን 1 ከሆነ መልሱ 40 በመቶ ነው፤ 2 ከሆነ 25 በመቶ። ግብሩን ሸሽቶ መሬት የሚገዛ፣ በዘመድ ስም ሕንፃ የሚያቆም፣ ዱባይ የሚያስቀምጥ ሰው ባለበት ሽሽቱ 0.25 ነው ብዬ አላምንም። ቁጥሩ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። መንግሥት ማየት ሲጀምር ሽሽቱ ይቀንሳል፤ ያኔ ከፍ ያለ ምጣኔም ሊሸከም ይችላል።

ታዲያ ቢቀንሱት ሰው በፈቃዱ ከፍሎ ገቢው አይጨምርም?

አንዳንድ ቦታ ይጨምራል። በኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ካናንጋ ከተማ ተመራማሪዎች ከከተማው አስተዳደር ጋር ሆነው የቤት ግብርን ለአንዳንዱ ባለቤት በ17፣ ለሌላው በ33፣ ለሌላው በ50 በመቶ በዕጣ ቀነሱ። የከፋዩ ቁጥር በጣም ስላደገ ከፍተኛውን ገቢ የሚያስገባው ምጣኔ ከነባሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ዝቅ ያለው ሆነ። ሆኖም የማስፈጸም አቅም ሲጠነክር ይህ ምጣኔ መልሶ ከፍ ይላል። "ይቀነስ" የሚል ነጋዴ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የሚጠቅሰው።

አስፋልት ስለገባ ብቻ የንብረት ታክስ ልከፍል ነው?

ሰፈራችን የተቀየረበትን ፍጥነት ያስቡት። ትናንት ገብስ የሚታጨድበት ቦታ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ተሰልፎበታል። አስፋልቱ ሲደርስ የቤቱ ዋጋ በአንድ ዓመት ይዘላል፤ ባለቤቱ ግን አንዲት ብሎኬት አልጨመረም። ሄንሪ ጆርጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ጭማሪ የማኅበረሰቡ ሥራ ውጤት ስለሆነ ግብሩም ከዚያው ይምጣ ብሎ ተከራከረ። ቪክሪም የዚሁ ሐሳብ ደጋፊ ነበር። መሬት አይሸሽም፣ አይደበቅም፣ ግብር ተጣለበት ብሎ አይቀንስም። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ቤት ሲሸጥ የሚከፈለው ገንዘብ ውስጥ ቦታውና አስፋልቱ እንዳሉበት ደላላ ሁሉ ያውቃል። እስካሁን የነበረው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሥሩ ከ1968 ዓ.ም. አዋጅ ነው፤ የፌዴራሉ የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል።

ትክክለኛው ስጋት ሌላ ነው። ዕጣ ደርሷቸው ኮንዶሚኒየም የገቡ ጡረተኛ ቤታቸው ሚሊዮኖች ያወጣል፤ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ግን ጡረታቸው ብቻ ነው። ግብሩ እየተመዘገበ ቆይቶ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ እንዲከፈል ማድረግ በሌላ አገር የተለመደ መፍትሔ ነው፤ እኛም ጋ ቢመጣ እደግፋለሁ። ሁለተኛው ስጋት ሰብሳቢው ነው። በፓኪስታን ፑንጃብ የቤት ግብር ሰብሳቢዎች በሰበሰቡት ልክ ጉርሻ ሲሰጣቸው ገቢው በደንብ አደገ፤ ጉቦውም አብሮ አደገ።

ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ሰው የሚያስታውሰው ዋጋ እንዳይጨመርበት የሚለውን ነው። አከራይ ግን የሚፈራው ምዝገባውን ነው፤ ያች ወረቀት እስከ ዛሬ ያልነበረች ምስክር ናትና።

ደብዳቤ ደረሰኝ። የማስፈራሪያ ነው፣ የልመና ነው?

ሁለቱም ዓይነት አለ፤ ሁለቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትኗል። አበበ ሽመልስ፣ ዳንኤል ዘርፉ ጉራራና ፍሬው ወልደየስ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ነጋዴዎች በዕጣ ተከፋፍለው ለከፊሉ "ሒሳብህ ሊመረመር ይችላል" የሚል፣ ለከፊሉ ግብር መክፈል የዜግነት ግዴታ መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ተላከላቸው። ከሁለቱም ወገን ደብዳቤ ካልደረሳቸው የበለጠ ተከፈለ፤ ማስፈራሪያው ከምክሩ ከፍ ያለ ውጤት ነበረው። እኔ የገረመኝ ማስፈራሪያው መሥራቱ አይደለም፤ የምክሩ ውጤት ለማስፈራሪያው ያን ያህል መቅረቡ ነው።

የእርስዎን ደብዳቤ ይዘው ይምጡ፤ ቀኑንና የተጠቀሰውን አንቀጽ አብረን እናያለን። ደንበኞቼ ከሁሉ በፊት የሚያዩት ማኅተሙን ነው። ከዚያ ቆመው "ይህ ለሁሉም የተላከ ነው ወይስ ለእኔ ብቻ?" ይሉኛል። ለሁሉም ነው ካልኳቸው አጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። ለእርስዎ ብቻ ነው ካልኳቸው ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።